ከባትሪ የተማርነው ቃል

ወንድሜ ምን ይሠራ ነበር ብለው ሲጠይቁኝ «ባትሪ ይጠብቅ ነበር» እላለሁ። ሰው ግራ ይገባዋል። ከዚያ ማብራራት ይመጣል፤ እኔ ደግሞ ማብራራት አይሆንልኝም። እዚህ ግን ልሞክር።

ከዲላ ወደ ምዕራብ፣ ቡናውና እንሰቱ አልቆ ግራሩ እስኪጀምር ድረስ ቁልቁል ሲወረድ፣ አባያ ሐይቅ ዳር አንድ የዓሣ አስጋሪዎች ሰፈር ነበር። ጥቂት የሣር ጎጆዎች፣ መረብ የሚሰጣበት አጥር፣ ዓሣ የሚሰነጠቅበት ጠረጴዛ። ሌላ ምንም የለም። በደርግ ጊዜ አስጋሪዎቹ በማኅበር ሲደራጁ አንዲት ባለሞተር ጀልባ ተሰጠቻቸው። የመብራት መስመር እዚያ አልደረሰም። ጀልባዋ ግን ሞተሯን የሚያስነሳ፣ ከፊቷ የተገጠመውን ፓውዛም የሚያበራ ባትሪ ትፈልግ ነበር።

ፓውዛው ለጌጥ አልነበረም። አስጋሪዎቹ መረባቸውን ለማንሳት የሚወጡት ሳይነጋ ነው። በዚያ ሰዓት ጉማሬዎቹ ከግጦሽ ወደ ውሃ ይመለሳሉ። የአባያ ውሃ ደግሞ ቀይ ነው፤ በቀትር እንኳ ከሥሩ ያለውን አያሳይም። ያለ መብራት የወጣ ጀልባ ጉማሬ ጀርባ ላይ ሊወጣ ይችላል። ከዚያ በኋላ ስለሚሆነው ነገር አስጋሪዎቹ ብዙ አያወሩም ነበር።

ወንድሜ ጋራዥ ሲሠራ ስለቆየ ለሞተሩና ለባትሪው ተቀጠረ። ባትሪዎቹ ሁለት ነበሩ፤ አንደኛው ጀልባ ላይ ሲሠራ ሌላው ቻርጅ ሊደረግ ወደ ዲላ ይጓዛል። የሚያጓጉዘው ከአስጋሪዎቹ አንዱ ነው። ጉጂ ነው፤ ከወንድሜ በጥቂት ዓመት ይበልጣል። ዲላ ባለው ቤታችን ውስጥ «ኦቦ» ብቻ ብለን ነበር የምንጠራው፤ በኦሮምኛ «አቶ» እንደ ማለት ነው። ባትሪውን በጆንያ ጠቅልሎ አህያ ላይ ይጭንና ከኋላ ከኋላው በእግሩ ይመጣል።

«ባለሥልጣኑን አመጣሁት» ይል ነበር በራችን ላይ ሲደርስ። «እሱ ይጫናል፣ እኔ እሄዳለሁ። እሱ ይበላል፣ እኔ ይርበኛል።»

እናቴ «ዝም በል፣ ሰው ይሰማሃል!» ትለውና ራሷ ትስቃለች። ያኔ በእንዲህ ዓይነት ቀልድ የሚስቅ ሰው መጀመሪያ አጥሩን ማየት ነበረበት።

ከእኛ ቤት እስከ ባትሪ ቤቱ በእጅ ጋሪ የምወስደው እኔ ነበርኩ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ የማትሪክ ውጤቴን ይዤ ቤት የተቀመጥኩበት ጊዜ ስለሆነ ሥራ አልነበረኝም። ባትሪ ቤቱ ከመሀል አገር የመጡ የአንድ ሙስሊም ቤተሰብ ነው፤ ከፊት ሱቅ፣ ከኋላ የጭነት መኪኖቻቸው ይቆማሉ። ቻርጅ የሚያደርገው የቤቱ ታላቅ ልጅ ነበር። የከተማው መብራት ሲጠፋ ወንድሜ ራሱ ይመጣና ባትሪውን አውቶቡስ ላይ አስጭኖ ዱመርሶ ከተማ፣ ቡና መፈልፈያው ጄነሬተር ጋ ይወስደዋል። ያ ግን በቡና ወቅት ብቻ ነው።

ወንድሜ ስለ ባትሪ ሁለት ሕግ ነበረው።

አንደኛው ስለ ውሃ ነው። ባትሪ ውስጡ ሲጎድል ንጹሕ ውሃ ይጨመርበታል፤ በጠርሙስ የሚሸጠው እንደ ልብ አይገኝም ነበር። የቧንቧ አይሆንም። የሐይቁማ ጭራሽ አይሆንም። ስለዚህ የዝናብ ውሃ ነበር የምንጠቀመው፤ እሱም ቆርቆሮ ያልነካ። እናቴ ዝናብ ሲጀምር ግቢው መሀል በርጩማ ታወጣና በላዩ የፕላስቲክ ሳፋ ታስቀምጣለች። መጀመሪያ የወረደውን ትደፋለች፤ አቧራ አለው። ቀጥሎ የሚወርደውን በነጠላ ጫፍ አጥልላ ጠርሙስ ትሞላለች። «ለልጄ ባትሪ» ትላለች። «ለባትሪው» ብላ አታውቅም።

ሁለተኛው ሕግ ስለ ዕረፍት ነው። ከቻርጅ የወጣ ባትሪ ሞቆ፣ ውስጡ እየፈላ ነው የሚወጣው። ወንድሜ ወዲያው እንዲጫን አይፈቅድም ነበር። «ይረፍ» ይላል። ከሥራ ሲመለስም ሽቦውን ነቅሎ «ይረፍ» ይላል። ኦቦ አማርኛን በመንገድና በገበያ ነው የለቀመው፤ ይህን ቃል ግን ከወንድሜ፣ ባትሪ ላይ ጎንበስ ብለው ነው የተማረው። ለኦቦ «አረፈ» ማለት ሲንተከተክ ቆይቶ ጸጥ አለ፣ ቀዘቀዘ፣ ደህና ሆነ ማለት ነበር። ሌላውን ትርጉም ማንም አልነገረውም።

አንድ ቀን እኔ ባትሪ ቤት ሳለሁ ኦቦ አህያውን አሥሮ ከእናቴ ጋር ይጨዋወታል። የተናገሩትን በኋላ ከሁለቱም ሰምቻለሁ።

«ነጋ ነው፣ እማማ? ደህና ነህ?» «ነጋ» በኦሮምኛ ሰላም ማለት ነው፤ እናቴን ደግሞ ሁልጊዜ እንደ ወንድ ነበር የሚያናግራት።

«ደህና ነኝ። ልጄስ?»

«ልጅህ ወባ ያዘው። ትናንት ተንቀጠቀጠ፣ ተቃጠለ። በጣም። ዛሬ አረፈ።»

«ምን አልክ?»

«አረፈ። አርፏል፣ እማማ። አትሥጋ።»

ጋሪዬን እየገፋሁ ስመለስ ጩኸቱ ከመንገድ ይሰማል። ግቢው በጎረቤት ሴቶች ሞልቷል። እናቴ መሬት ላይ ናት። ኦቦ ክንዷን ይዞ «ምን ሆነ? ምን አልኩ?» ይላል፤ እሱም ሊያለቅስ ደርሷል። አንገቱን ያዝኩት መሰለኝ።

«የት ቀበራችሁት?»

«ማንን?»

«ወንድሜን!»

«ለምን እንቀብረዋለን?» አለ ኦቦ። «ሾርባ ጠጥቶ ተኝቷል እኮ!»

ከዚያ አንዷ ጎረቤታችን ሳቋ አመለጣት። እናቴ ተነሥታ ኦቦን በነጠላዋ ጫፍ ደጋግማ ገረፈችው፤ ገርፋ ስታበቃ ራሱን ይዛ ሳመችው። ሌላውን ትርጉም ያስረዳሁት እኔ ነኝ። ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። «ሰው ሲሞት አረፈ? ባትሪ ሲድን አረፈ?» አለ። «ይሄ አማርኛ ያሳብዳል።»

ወንድሜ አገግሞ ዲላ ሲመጣ መጀመሪያ የጠየቀው ማን ምን ያህል እንዳለቀሰለት ነው። «የቀኝ ጎረቤታችንስ? ደረቷን መታች ወይስ እንዲሁ በአፏ ነው?» እናቴ ትነግረዋለች፤ እሱ እየቆጠረ ቅር ይለዋል። ከዚያ ወዲህ በቤታችን «አረፈ» ቀልድ ሆነ። ኦቦ በመጣ ቁጥር እናቴ ገና ከበር «ልጄስ፣ ዛሬም አረፈ?» ትለዋለች። እሱም «አላረፈም፣ እማማ! ይጮኻል፣ ይሳደባል!» ይላል።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ቀጥሎ ያለውን ለማዘግየት ሳይሆን አይቀርም።

ክረምቱ ሲወጣ ወባው ተመለሰበት። እኛ አልሰማንም። ኦቦ አንድ ከሰዓት በኋላ አህያውን እየነዳ መጣ። እናቴ ምስር ትለቅም ነበር። ቀና ብላ አየችው።

«ልጄስ?» አለች እየሳቀች። «ዛሬም አረፈ?»

ኦቦ ባትሪውን ከአህያው ላይ ፈታና በሩ ሥር አስቀመጠው፤ ቀስ አድርጎ፣ ወንድሜ እንዳስተማረው፣ እንዳይጋደል። ባርኔጣውን አወለቀ። ከባትሪው ጎን መሬት ላይ ተቀመጠ።

እናቴ ፈገግታዋ ገና ከፊቷ አልሄደም ነበር። «ተናገር እንጂ» አለችው። «ተናገር፣ የኔ ልጅ።»

አፉን ከፈተ። የሚሆን ቃል ፈለገ፤ ሲፈልግ አይቻለሁ። ለእሱ የነበረችው አንዲት ቃል ናት፤ እሷን ደግሞ አንድ ጊዜ ተጠቅሞባታል። በኋላ በራሱ ቋንቋ አንድ ነገር አለ። ማንም አልተረጎመውም። እናቴ ግን ምስሩን ከነሰፌዱ መሬት ላይ አስቀመጠች።

ወንድሜ ጤና ጣቢያ ሳይደርስ መንገድ ላይ ነው የሞተው። መኪና እስኪገኝ ኦቦ ድንገት እንዳይሆንብን ብሎ ቀድሞ መጣ፤ አስከሬኑ በጭነት መኪና ከኋላው ደረሰ። ቀበርነው። ድንኳን ተተከለ፣ ሰው መጣ፣ ሰው ሄደ። ስለዚህ ብዙ መጻፍ አልችልም።

ባትሪው ትዝ ያለኝ የእድሩ ወንበሮች ሲመለሱ ነው። ወንበር በወንበር ላይ ተቆልሎበት ማዕዘን ላይ ቆሟል። ለቅሶ ስንቀመጥ እሱም ባዶውን ተቀምጧል። ባዶውን የቆየ ባትሪ ምን እንደሚሆን ወንድሜ ነግሮኛል፤ ውስጡ ይደርቅና ቻርጅ አልቀበልም ይላል። በዚያው ሰሞን ኦቦ ሊጠይቀን መጣ። ሌላው ባትሪ ካለቀ መቆየቱን፣ አስጋሪዎቹ በጨለማ እየወጡ መሆኑን የነገረኝ ስጠይቀው ነው እንጂ ራሱ አላነሣውም። አንድ ጉማሬ የጀልባዋን ጎን እንደ መታም ነገረኝ። ማኅበሩ ሌላ ባትሪ ጠይቆ ነበር፤ መልስ አልመጣም።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ፈለግሁ። ይህ ባትሪ እንዲነሣ። ምክንያቱ ለአስጋሪዎቹ ብቻ ነበር ብል እዋሻለሁ። ክዳኖቹ ላይ ያለው ግራሶ የወንድሜ የጣት ምልክት ነበረበት።

በጋሪ ወሰድኩት። የባትሪ ቤቱ ልጅ ክዳኖቹን ከፍቶ ስድስቱንም ክፍሎች አንድ በአንድ አየ። አምስተኛው ላይ ቆየ።

«ይቺ…» አለና ተወው። ጨርቅ አንሥቶ እጁን ጠረገ። በባትሪ ቤት ቀኑን ሙሉ የሚባለውን «ሞተች» የሚል ቃል በእኔ ፊት ሊያወጣው አልቻለም። «ይቺ እንግዲህ፣ ሄዳለች። የቀሩትን በቀስታ እንሞክራለን። ውሃ ግን ይፈልጋል፤ እኔ ጋ የለም።»

ውሃ። ማን ያጠራቅማል ብዬ ወደ ቤት ተመለስኩ። እናቴን ልጠይቃት አልደፈርኩም፤ መሳቢያውን፣ ከአልጋው ሥር፣ አሮጌ ጠርሙስ ካለ ብዬ ፈለግሁ። እናቴ ከኋላዬ መጥታ ቆመች።

«ምን ትፈልጋለህ?»

«የ… የባትሪ ውሃ።»

ወደ ጓዳ ገብታ ሦስት ጠርሙስ አምጥታ ሰጠችኝ። ሙሉ ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ የሰሞኑ ዝናብ ነው፤ ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ የዘነበው። ሳፋውን ስታወጣ አላየኋትም ነበር።

ባትሪው ቀናት ወሰደበት። መብራት ሲጠፋ ይቋረጣል፣ ሲመጣ ይቀጥላል። በየቀኑ እሄዳለሁ። የባትሪ ቤቱ ልጅ «ነገ» ይለኛል። በመጨረሻ አንድ ትንሽ አምፖል አገናኝቶ አሳየኝ። በራ፤ ቢጫ ነው፣ ግን በራ።

«ሞተር አያስነሣም» አለኝ። «ሞተሩን በገመድ ይጎትቱት። መብራቷን ግን ይችላል። አቅሙ ይኸው ነው፤ አትቆጣው።»

ከኦቦ ጋር አብሬ ወረድኩ። መንገዱን ሁሉ ኦቦ ስለ አህያው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሁሉም ነገር አወራ። አንድ ነገር ግን አስተዋልኩ። ጥላ ሥር ስንደርስ «እንረፍ» አይልም፤ «እንቀመጥ» ይላል። አህያው ሲደክመው «ይቁም» ይላል። ቃሏን ከአማርኛው አውጥቶ ጥሏታል።

ሰፈሩ ስንደርስ አስጋሪዎቹ የወንድሜን ጎጆ ከፈቱልኝ። ሽቦውን እኔ አሰርኩት፤ ቀዩን ከቀዩ፣ ጥቁሩን ከጥቁሩ። ጎህ ሳይቀድ ጀልባዋ ስትወጣ ሞተሩን በገመድ ሳቡት፤ ሁለት ጊዜ እምቢ ብሎ ተነሣ። ከዚያ ፓውዛው በራ። እንደ ድሮው ሩቅ አይወረውርም፤ ከፊታቸው ትንሽ ቀይ ውሃ ብቻ ነው የሚያሳየው። እኔ ዳር ቆሜ ያችን ብርሃን አየኋት፤ ትሄዳለች፣ ትዞራለች፣ መረቡ ጋ ትቆማለች። አንድ ቦታ ላይ በድንገት ወደ ግራ ታጠፈች። ከብርሃኗ ጫፍ አንድ ትልቅ ጥቁር ነገር ተነፈሰና ጠለቀ።

ሲነጋ ተመለሱ። ኦቦ ባትሪውን ከጀልባዋ አውርዶ ከፊቴ አስቀመጠው። ሽቦውን ነቀልኩ። ጎኑን በመዳፌ ነካሁት፤ ለብ ብሏል። ኦቦ ቁልቁል እያየኝ ቆሟል። የሚቀጥለውን ቃል ሁለታችንም እናውቀዋለን፤ እሱ እንደማይለውም አውቃለሁ።

«ይረፍ» አልኩ።

ኦቦ ወደ ሐይቁ ዞረ። ከዚያ ጆንያውን አንሥቶ ባትሪውን ከፀሐይ ሸፈነው።

«እሺ» አለ። «ይረፍ።»