የአናጺውን ጣት የማያውቀው ስልክ

አናጺው ዕድሜ ልካቸውን መላጊያ የገፉ፣ ኮላ የነካኩ ሰው ናቸው። የጣታቸው ጫፍ ደርቆና ጠጥሮ የብርጭቆ ወረቀት መስሏል። ይህ ጣት ሳንቃ ላይ ጌታ ነው፤ ስልክ ላይ ግን የሰው ጣት መሆኑም አይታወቅለትም። ጥሪ ለማንሳት አረንጓዴዋን ክብ ወደ ላይ መጎተት ያስፈልጋል። ይጎትቷታል፤ ንቅንቅ አትልም። ጣታቸውን በምራቅ አርሰው እንደገና ሲጎትቱ ጥሪው ይቋረጣል።

ደዋይዋ አንድ ልጃቸው ባትሆን ኖሮ ነገሩ ቀልድ ነበር። ሌላ ከተማ ሥራ አግኝታ ስትሄድ ተናደው «ከሄድሽ እንዳትደውዪልኝ!» ብለዋታል። ንዴቱ ወዲያው በረደ። እሷ ግን ትደውላለች፣ እሳቸው በዚያ ጣት ማንሳቱም መልሶ መደወሉም አይሆንላቸውም። አሁንም እንደተቀየምኳት ነው የምታስበው እያሉ እህል አልዋጥ ይላቸዋል።

«እኔ ላንሳልህ» ይላቸዋል አብሯቸው የሚሠራው ቀለም ቀቢ።

«በሰው እጅ ልጄን አልታረቅም።»

«እንግዲያው በአፍንጫህ ሞክረው፤ እሱ እንደሆነ ሥራ ፈት ነው።»

«ዝም በል፣ አንተ ዝንጉርጉር!»

በመጨረሻ ሞባይል የምትጠግን አንዲት ልጅ ዘንድ ሄደው ጣታቸውን ዘረጉላት። «ጉዱ ይሄ ነው፣ ልጄ። ሞቷል።»

አገላብጣ አየችው። «ጣትዎስ ደህና ነው፣ አባባ። ስልኩን የሠራው ሰው ነው የአናጺ እጅ ጨብጦ የማያውቅ።» ስልኩን ነካ ነካ አደረገችው። «ከእንግዲህ ሲጠራ አይንኩት። ትንሽ ጠርቶ በራሱ ይነሳል፤ ድምፁም ጎላ ብሎ ይወጣል።»

በራሱ! ቀልደኛ ናት ብለው ሳያምኗት ወጡ።

በማግስቱ የወንበር እግር ሲልጉ ስልኩ ጠራ። ልጃቸው ናት። የተባሉትን ረስተው ተንደረደሩ፤ ጎተቱ፣ ፈተጉ። ጥሪው ጸጥ አለ።

«ሄደች!» ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ጥለው ቁና ቁና ተነፈሱ። «አንተ ድፍን መስታወት! አባቴ ጠላኝ እያለች እኮ ነው! ማን ጠላት? አልጋዋን እየላግሁ እንደገና ቫርኒሽ የምቀባው ለማን መስሏት ነው? የተናገርኩበትን ምላሴን ቆርጬ በጣልኩት...»

«አባዬ?» አለ ጠረጴዛው።

አናጺው ስልኩ ላይ አፈጠጡ፤ ጠጋኟ እንዳለችው በራሱ ተነስቷል። ቀለም ቀቢው ብሩሹን በአፉ ነክሶ በሳቅ ይንፈራፈራል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምትሰሚው?»

«ከድፍን መስታወቱ ጀምሮ።» ትስቃለች፣ አፍንጫዋንም ትስባለች። «ቫርኒሹ ሳይደርቅ ብመጣስ የት ልተኛ ነው?»

«መቼ ነው የምትመጪው?» አሉ ጎንበስ ብለው፣ አፋቸውን ስልኩ ላይ ሊለጥፉት ምንም አልቀራቸውም።

«ቅዳሜ።»

«እሰይ! በይ እንግዲህ ስትጨርሺ አንቺው ዝጊው፤ እኔ መዝጋቱንም አልችልበት።»

«ገና መች ጀመርኩና» አለች።