ከልጄ እጅ አንድ ስንዝር በላይ

ልጄ ላምባ የጠጣው በሐምሌ ነው። ሐምሌ በአገሬ በደሴ ዝናብና ብርድ ነው፤ በአሰብ ግን ከበረሃው የሚነሣው ነፋስ ፊት ይለበልባል፣ ሰው ቀኑን ሙሉ ውሃ ውሃ ይላል። ባለቤቴ ለአስተማሪነት ተመድቦ ወደዚያ ከወረድን ሁለተኛ ዓመታችን ነበር። የመጠጥ ውሃችንን በባዶ የቢራ ጠርሙስ እየሞላን፣ በእርጥብ ጨርቅ እየጠቀለልን በጥላው በኩል እናስቀምጥ ነበር። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ውሃ የሚያቀዘቅዘው እንዲያ ነው። ላምባም የሚገዛው በዚያው ዓይነት ጠርሙስ ነው።

ልጁ ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ይቀረው ነበር። ፋኖሱን ሞላሁና ጠርሙሱን መሬት ላይ አስቀምጬ ቡሹን ልፈልግ ዞር አልኩ። ሲያስለው ሰማሁ። ስመለስ ጠርሙሱን በሁለት እጁ አቅፎ ቆሟል፤ አገጩ ላይ ላምባ ይንጠባጠባል። ነጠላዬን ሳልይዝ አቅፌው ሐኪም ቤት ሮጥኩ።

ድሬሰሩ መጀመሪያ የጠየቀኝ “አስመልሰሽዋል?” ብሎ ነው።

“አላስመለስኩትም። ምን እንደማደርግ ጠፋኝ።”

“እንኳን ጠፋሽ። ቢያስመልሰው ወደ ሳንባው ይገባ ነበር።”

ሦስት ቀን አሳለው፣ አተኮሰው። በአራተኛው ቀን ዳቦ ጠየቀ፤ እኔም ያን ጊዜ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ላምባውን፣ በረኪናውን፣ የአይጥ መርዙንና የባለቤቴን ምላጭ ሰብስቤ በአንድ የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ከተትኩ፤ ላዩ ላይም ተቀመጥኩበት። ምስር ስለቅም እዚያ ነኝ፤ ልብስ ስጠቅም እዚያ ነኝ። ባለቤቴ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ ይስቅ ነበር። በሰው ፊት አንቱ እለዋለሁ፤ ቤት ውስጥ ግን አንተ ነው።

“ዛሬም ዙፋንሽ ላይ ነሽ?”

“ሳቅ አንተ። አንተ ዘንድ የሚውል ልጅ ላምባ አይጠጣም።”

“የኔዎቹ ቀለም ነው የሚጠጡት። ምላሳቸውን ሰማያዊ አድርገው ነው ጥያቄ የሚመልሱልኝ።”

እሱ ይስቅ እንጂ እኔ ቀን እቆጥር ነበር። የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ። በእኛ አገር ልማድ አራስ ከመጋረጃ ኋላ ትተኛለች፤ ሥራ አትነካም፣ ደጅ አትወጣም። እናቴ፣ እህቶቼ፣ አክስቶቼ ሁሉ ደሴ ናቸው። እዚህ ያለችኝ ጎረቤታችን የባለሱቁ ሚስት ናት። ከወሎ የወረደች እስላም ናት፣ ቤቴን እንደ ቤቷ ታውቀዋለች፣ ልጄንም ትወደዋለች። ነገር ግን ሱቅም አለባት፤ ጠርሙስ ባስቀመጠችበት ትረሳለች። እኔ መጋረጃ ኋላ ተኝቼ ልጁ ከነዚያ ጠርሙሶች ጋር አንድ ቤት ውስጥ ሲውል እየታየኝ እንጀራ ከጉሮሮዬ አልወርድ አለ። ከመውለዴ በፊት እጁ የማይደርስበት ቦታ ማሠራት ነበረብኝ።

ባለቤቴ ግድግዳው ላይ ከፍ አድርገን መደርደሪያ እንምታ አለ። መታው፤ ግድግዳው ጨው የበላው ስለሆነ ከነምስማሩ ወለሉ ላይ ፈረሰ። ረጅም ቁም ሣጥን እንግዛ አለ። እኔ ደግሞ አጭር ነኝ። ከላይ መደርደሪያ ኋላ የገባ ነገር አይታየኝም። በርጩማ ላይ መውጣት አለብኝ፤ በርጩማው እዚያ ከቆመ ደግሞ ልጁም ይወጣበታል። ዛሬ የማይደርስበትም ከሦስት ወር በኋላ ይደርስበታል።

እኔ የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው። ነገር ግን ልብስ እሰፋለሁ። የልጅ ልብስ የሚሰፋ ሰው ልጁ እንደሚያድግ ያውቃልና ከታች እጥፋት ይተዋል፤ ልጁ ሲረዝም እጥፋቱን ይፈታል። ቁም ሣጥኑም እንደዚያ እጥፋት ቢኖረው ብዬ አሰብኩ። የመኮሮኒ ካርቶን ቆርጬ ትንሽ ሣጥን ሠራሁ። በግራና በቀኝ ጎኑ ከታች እስከ ላይ በምስማር ቀዳዳ በሳሁ። በቀዳዳዎቹ የክብሪት እንጨት ሰካሁ፤ በእንጨቶቹ ላይ ቀጭን ሐዲድ፣ በሐዲዱ ላይ መደርደሪያ አስቀመጥኩ። ልጁ ሲረዝም እንጨቶቹ ነቀል ተደርገው አንድ ቀዳዳ ከፍ ይላሉ። መደርደሪያው ደግሞ እንደ መሳቢያ ወደ ፊት ይወጣል፤ ያን ጊዜ እኔ ከታች ቆሜ ተንጠራርቼ ከኋላ ያለውን አወጣለሁ፣ መልሼ እገፋዋለሁ። ታች ሁለቱ ለሰሃንና ለድስት፤ ላይኛው ለጠርሙሶቹ።

የላይኛውን ከፍታ ለመወሰን ልጁን በርጩማ ላይ አቆምኩትና ግድግዳው ላይ ተምር አሳየሁት። ተንጠራራ። ጣቱ የደረሰበትን በከሰል አሰመርኩ። ተምሩን ሰጠሁትና በርጩማው ላይ ድስት ደፍቼ እንደገና አቆምኩት፤ እንደገና አሰመርኩ። ከሁለተኛው መስመር በላይ ደግሞ አንድ ስንዝር ጨመርኩ።

“ስንዝሩ ለምንድን ነው?” አለ ባለቤቴ።

“ላላሰብኩት ነገር።”

“ያላሰብሽው ነገር አለ? እኔ አላምንም።”

አናጢው በባሕሩ ዳር ሳንቡክ የሚሉትን የእንጨት ጀልባ የሚጠግኑ የየመን ሽማግሌ ነበሩ። ሰፈሩ ሁሉ ዓሚ፣ አጎቴ፣ ይላቸዋል። አማርኛቸው አጭር አጭር ነው፤ ወንዱንም ሴቱንም ቢንቲ፣ ሴት ልጄ፣ እያሉ የሚጠሩ ስለሆነ ባለቤቴም እሳቸው ዘንድ “ልጄ” የሚባል ሴት ነበር። የካርቶን ሣጥኔን ተቀብለው አገላበጡት። መደርደሪያውን በአንድ ጣታቸው ሳቡት፣ ገፉት፣ እንደገና ሳቡት።

“ማን ሠራ?”

“እሷ ናት” አለ ባለቤቴ።

“ማሻ አላህ። ግን ቢንቲ፣ እዚህ በጎን በኩል ትንሽ ቦታ ተዪ። ግማሽ ጣት።”

“ቦታ ከተውንለት ጉንዳን ይገባል ዓሚ። በረሮም ይገባል። እኔ የምፈልገው ጥብቅ ያለ ነው።”

“እንጨት ይጠጣል፣ ያብጣል።”

“እንጨቱ ላይ ውሃ አናፈስም።”

“ባሕሩ ራሱ ያፈሳል፣ ቢንቲ።”

አልሰማኋቸውም። አባቴ ቤት የእህል ሣጥን ነበረን። ክዳኑ ሲገጥም ፀጉር አያስገባም፤ እስከ ዛሬ ያው ነው። ጥሩ አናጢ ማለት ለእኔ ክፍተት የማይተው ሰው ነው። እኚህ ሽማግሌ ስንፍናቸውን ሊሸፍኑ ነው ብዬ በልቤ አማኋቸው። እሳቸውም “እሺ፣ እናንተ ደገኞች ሁሉ አንድ ናችሁ” አሉና እንዳልኳቸው አደረጉ።

በመስከረም መጣልን። ጣውላው ከወደብ የተገዛ የዕቃ ሣጥን ጣውላ ስለነበረ በአንዱ ጎን የማላነበው የፈረንጅ ጽሑፍ ቀርቶበታል። መደርደሪያዎቹ በሐዲዳቸው ላይ እንደ ቅቤ ይሄዱ ነበር። በጎናቸው የክብሪት እንጨት እንኳ አይገባም። እኔ በሰሃን ላይ ሰሃን እየደረደርኩ ሳብ ገፋ፣ ሳብ ገፋ ሳደርግ ጎረቤቴ ቡን ልትጠይቅ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

“አንቺ ልጅ፣ ይኼ ነገር ራሱ ወደ ሰው ይመጣል እንዴ?”

“ይመጣል እትዬ፣ ሞክሪው።”

“ወላሂ ባሌም እንዲህ ሲጠሩት ቢመጣ።”

የቆርቆሮ ሣጥኑን ባዶ አድርጌ ለልጁ መጫወቻ ሰጠሁት። ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

በኅዳር መጀመሪያ ሴት ልጅ ወለድኩ። ጎረቤቴ ገንፎውንም አጥሚቱንም ታመላልስልኝ ነበር። በነዚያው ቀናት ነፋሱ ዞረ። ከበረሃው መንፈሱን ትቶ ከባሕሩ መንፈስ ጀመረ። አንሶላው እርጥብ ሆነ፣ ጨው በዕቃው ውስጥ ተያያዘ፣ ክብሪት አልጫር አለ። ያለፈው ዓመትም እንዲሁ ነበር፤ ግን ያን ጊዜ የእንጨት ዕቃ አልነበረንም።

በወለድኩ በአሥረኛው ቀን ረፋዱ ላይ ጎረቤቴ ፋኖሱን ልትሞላ ወደ ቁም ሣጥኑ ሄደች። ከመጋረጃው ኋላ የእንጨት ጩኸት ሰማሁ።

“ምን ሆነ እትዬ?”

“ምንም። ትንሽ ጠበቅ ብሎብኝ ነው።”

መጀመሪያ የላምባ ማንቆርቆሪያ ፍለጋ የታችኛውንና መካከለኛውን ሳበች። ከዚያ ላይኛውን ሳበች። ሦስቱም እስከ ግማሽ ወጡና ቆሙ። ስትገፋ አልገባ አሉ። በትከሻዋ ገፋች። ዕቃው ተንኳኳ እንጂ ጣውላው አልተነቃነቀም።

“እትዬ፣ ተዪው፣ ጠርሙሶቹን ወደዚህ አምጪልኝ!”

“ምን ያስጮህሻል፣ አራስ ነሽ! ከሱቅ ሳሙና አምጥቼ ሐዲዱን ልቀባው፤ ወዲያው ይገባል።”

ወጣች። እግሯ ደጃፉን ሳያልፍ የገባኝ ነገር አለ። ሦስት መደርደሪያ፣ እያንዳንዱ ግማሽ ድረስ ወጥቶ፣ አንዱ ከአንዱ በላይ። በገዛ እጄ መሰላል ሠርቻለሁ።

ልጁ ጓዳ ውስጥ የነበረ መስሎኝ ነበር። መጋረጃውን ስገልጥ በታችኛው መደርደሪያ ላይ ቆሟል። አንድ ጉልበቱን መካከለኛው ላይ አድርጎ ራሱን ሲስብ አየሁት። ጮኼ እንዳላስደነግጠው ፈራሁ፤ ሰሃኑ ሁሉ ከላዩ ይወርድበታል። ሕፃኗን አልጋው ላይ አስተኝቼ ግድግዳውን እየያዝኩ ተነሣሁ። እሱ በመካከለኛው ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ እጁንም ወደ ላይኛው ዘረጋ።

ጣቶቹ የላይኛውን ጠርዝ አልያዙም። ከሥሩ የቁም ሣጥኑን ጎን እየዳበሱ ሄዱ፣ ተመለሱ። በእግሩ ጣት ተነሣ። አሁንም በጣቶቹና በጠርዙ መካከል አንድ ስንዝር የሚያህል ቀርቷል። “እማ፣ ውሃ” አለ፣ ዞሮ ሲያየኝ። በብብቱ ይዤ አወረድኩትና ወለሉ ላይ አብሬው ተቀመጥኩ። ሳቄም አመለጠኝ። በአንድ ስንዝር። ባለቤቴ የሳቀብኝ ስንዝር ነው።

ጎረቤቴ ሳሙና ይዛ ስትመለስ አራስ ወለል ላይ ተቀምጣ ስትስቅ አገኘች።

“በስመ አላህ! ምን ነክቶሻል? ተነሺ፣ ብርድ ይመታሻል!”

“እትዬ፣ ዓሚን ጥሪልኝ። ሳሙናው ይቅር። መጀመሪያ ግን ጠርሙሶቹን ወደ ሱቅሽ ውሰጅልኝ።”

ዓሚ የመጡት በዚያው ቀን ከቀትር በኋላ ነው። አራስ ስለሆንኩ መጋረጃው በመካከላችን ሆኖ ነው የተነጋገርነው። መላጊያቸው ሲልግ ይሰማኝ ነበር።

“ይቅር ይበሉኝ ዓሚ። ነግረውኝ ነበር።”

“ምን ነገርኩ? እኔ አልነገርኩም። ባሕሩ ነገረ።” ጥቂት ላጉና ቀጠሉ። “ሳንቡክ ላይ ጣውላ ሲጠጣ፣ ሲጠብቅ፣ አልሐምዱሊላህ እንላለን፤ ውሃ አይገባም። አንቺ ያሠራሽኝ ጥሩ ሳንቡክ ነው፣ ቢንቲ። ሰሃንሽን ጭነሽ ከባሕሩ ማዶ ሞካ ድረስ ትሄጂበታለሽ።”

ጎረቤቴ ሳቋ ግድግዳውን አናጋው። እኔም ሆዴን ይዤ ሳቅኩ፤ ያመኝ ነበር።

“ግን ጉንዳኑስ?” አልኩ። አልቻልኩም፣ መጠየቅ ነበረብኝ።

“ጉንዳን በጎን ይበራል? በእግሩ ነው የሚወጣ።” አራት ባዶ የሰርዲን ቆርቆሮ አስመጡና የቁም ሣጥኑን አራት እግሮች አስቆሙባቸው። “ውሃ ጨምሩበት። ትንሽ ላምባ ጠብ ብታደርጉበት ደግሞ…”

“አይሆንም!” አልን ጎረቤቴና እኔ በአንድ አፍ።

“ውሃ ብቻ፣ ውሃ ብቻ” አሉ ሽማግሌው፣ ደንግጠው።

ሦስቱንም መደርደሪያ በግራና በቀኝ ግማሽ ግማሽ ጣት አሳነሷቸው። ከዚያ ያላሰብኩትን አንድ ነገር ጨመሩ። በቁም ሣጥኑ ፊት ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ቀጭን ዘንግ ገጠሙ። ዘንጉ ሲወርድ ሦስቱም መደርደሪያዎች ይያዛሉ፤ ወደ ላይ ሲሳብ ይለቀቃሉ። የዘንጉ መሳቢያ ከኔ ራስ በላይ ነው፤ እኔም የምደርስበት በማማሰያ ጫፍ ነው። ባሕር ሲናወጥ የመርከብ ሣጥን እንዳይከፈት የሚያደርጉት እንደዚህ ነው አሉ። ጎረቤቴን ሦስት ጊዜ አስከፍተው አስዘጓት። በሦስተኛው ጊዜ ሳታይ፣ ዘወር ብላ ከኔ ጋር እያወራች ዘጋችው።

“ሰማሽ?” አለችኝ። “ቀጭ አለ። ቀጭ ካላለ አልሄድም፤ በቃ?”

“በቃ እትዬ።”

ባለቤቴ ሲመጣ ነገሩን ሁሉ ነገርኩት። አልሳቀም። ልጁን አንሥቶ መካከለኛው መደርደሪያ በነበረበት ልክ በክንዱ ላይ አቆመው፣ እጁን ወደ ላይ ዘረጋለትና በዓይኑ ለካ። ከዚያ ላይኛውን መደርደሪያ አንድ ቀዳዳ ከፍ አደረገው።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ ጎረቤቴ ሕፃኗን ታቅፋ ስታስተኛት ልጁ በዓሚ የመላጊያ ፍቅፋቂ እየተጫወተ ነበር። ነፋሱ ከባሕር ይነፍስ ነበር፤ ቁም ሣጥኑ ዝም ብሎ ቆሟል። ሁልጊዜ ፊቴን ወደ ቤቱ አዙሬ ነው የምተኛው። የዚያን ቀን ወደ ግድግዳው ዞርኩ፤ እንቅልፍም ወሰደኝ። ስነቃ ከቤቱ አንድም ድምፅ አይሰማም ነበር። ከሐምሌ ወዲህ ዝምታ ሲሆን ተስፈንጥሬ ነበር የምነሣው። ያን ቀን ግን ትንሽ ተንጠራራሁ፣ አስቀድሜም ውሃ ጠየቅኩ፤ ልጁ የት እንዳለ የጠየቅኩት ከጠጣሁ በኋላ ነው።