ኩዳይ ላይ በሕይወት የፈለግናት ውሻ

የግራ እጄ አውራ ጣት ጥፍር የለውም። የወሰደችው ከመኪና ሞተር ውስጥ ጎትቼ ያወጣኋት ድመት ናት፤ ውለታ መመለሷ ነው። ባቴ ላይ ያለውን ጠባሳ የተወልኝ ደግሞ እግሩ የተሰበረ ውሻ ነው። እንስሳ ማዳን የዋህ ሰው የሚሠራው ሥራ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ ወላሂ ተሳስታችኋል። እኔ ተሳዳቢ ነኝ፣ ቶሎ እቆጣለሁ፣ እስከ ዛሬ ከሥራው ያልወጣሁትም በዚሁ ይመስለኛል።

ጅዳ ውስጥ ሳፋ የሚባል ሰፈር በሰው ቤት እሠራለሁ። የማዳሜ ትልቋ ልጅ ከጓደኞቿ ጋር ሆና የተጎዱ ውሾችና ድመቶችን ታነሳለች። መጀመሪያ የጠራችኝ ውሻ እንድይዝላት ነበር። እሷ ታለቅሳለች እንጂ መያዝ አትችልም። "አንቺ አትፈሪም?" አለችኝ። "ለምን እፈራለሁ? ወሎ እያለሁ ጅብ በድንጋይ አባርሬያለሁ" አልኳት። ከዚያ ወዲህ አርብ፣ የእረፍት ቀኔ፣ የእነሱ ሆነ። ማዳሜ አልከለከለችም፤ ግን ከውሻ ስመለስ፣ ሃይማኖታችን እንደሚያዘው፣ ሰባት ጊዜ ሳልታጠብ፣ አንዱንም በአፈር ሳላደርግ በሯን አልረግጥም። ለዚሁ ብዬ ከጓሮው ቧንቧ ሥር አንድ ከረጢት አፈር አስቀምጫለሁ።

ያገሬ ሴቶች ስቀውብኛል። "ሰው ወደ አገሩ ሊባረር በየተርሂሉ እስር ቤት ታጉሮ አንቺ የውሻ አምቡላንስ ሆንሽ?" ይሉኛል። "ሰው የሚያወጣ ማኅበር ስታቋቁሙ ጥሩኝ፣ ቀድሜ እገባለሁ" እላቸዋለሁ። እስካሁን የጠራኝ የለም።

ሕጋችን ብዙ አይደለም። ብቻህን አትሄድም። እስከ ክርን የሚደርስ ጓንት ታጠልቃለህ። የተነከሰ ደግሞ እዚያው፣ በዚያች ደቂቃ ይናገራል፤ ጭረት ቢሆንም አይደብቅም።

አንድ አርብ፣ ከጁምዓ መልስ፣ የማዳሜ ልጅ ስልኳን ጆሮዬ ላይ ደቀነችው። አንድ ሰው ግማሽ በዓረብኛ ግማሽ በአማርኛ ይጮሃል። መካ፣ ኩዳይ፣ አውቶቡሶች የሚቆሙበት ቦታ ጀርባ ውሻ ታናሽ ወንድሙን ነክሳዋለች። የቀን ሥራ የሚሠሩ የወሎ ልጆች ናቸው። ልጁ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የለውም፣ በባሕር ነው የገባው፣ ስለዚህ ሆስፒታል አልሄደም። "መድኃኒት ካላችሁ አምጡልኝ በአላህ" ይላል።

የቡድናችን የእንስሳት ሐኪም ሱዳናዊ ነው፤ መንገድ ላይ ሆነን ደወልንለት። "ልጁ ዛሬውኑ መርፌ ይወጋ፣ ነገ አይባልም" አለ። "ውሻዋን ደግሞ በሕይወት አምጡልኝ። የእብድ ውሻ በሽታ ይኑርባት አይኑርባት አስር ቀን አስሬ አያታለሁ። ደህና ከሆነች እሱም ደህና ነው። ከሞተችብን ግን እስከ መጨረሻው መርፌ ድረስ መወጋት አለበት።"

ስንደርስ ውሻዋ የተበላሸ አውቶቡስ ሥር ገብታለች። ወንዶቹ ከበዋታል፤ ከሚሠሩበት ግንባታ ያመጡትን ፌሮ ይዘዋል፣ ድንጋይ ይዘዋል። አንድ ዓይኗ ፈስሷል። አፏ ደም ነው፤ የእሷ ይሁን የሰው አይታወቅም። አንዱ ድንጋይ ሲወረውር የጎድን አጥንቷ ሲሰበር ከቆምኩበት ሰማሁት።

"ቁም! እጅህ ይቆረጥ!" አልኩ በአማርኛ። ሁሉም ዞሩ። ዓባያ የለበሰች ሴት ከጅዳ መጥታ በወሎ አፍ ስትራገም ምን ይበሉ?

የተነከሰው ልጅ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጧል፤ እግሩን ራሱ ላይ በሚጠመጥመው ሽማግ ጠቅልሎታል። ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው። መርፌውን ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። "ኢቃማ ይጠይቁኛል፣ የለኝም ስል የጀዋዛት ፖሊስ ይጠሩብኛል። ያን ሁሉ ባሕር የተሻገርኩት ለመመለስ ነው እንዴ?" አለኝ። የደወለልን ታላቁ አጠገቡ ቆሟል፤ ወፍራም አንገት፣ ሲሚንቶ የበላው እጅ።

ለታላቁ ዘርዝሬ ነገርኩት። ይህቺ ውሻ በሕይወት ከኖረች ወንድምህ ከጭንቀት ይወጣል። ከገደላችኋት ልጁን የያዘው ነገር ምን እንደሆነ የሚነግረን የለም። ገባው። ፌሮውን ባያስቀምጥም ዝቅ አደረገው፤ ጓደኞቹንም "ተዉ፣ ዘወር በሉ" አላቸው። አልሐምዱሊላህ፣ ሰው አገኘሁ አልኩ በልቤ።

የማዳሜ ልጅ ጫፉ ላይ የገመድ ሸምቀቆ ያለበትን ረጅም ዘንግ በአንድ በኩል አስገባች። እኔ በሌላው በኩል በሆዴ ተሳብኩ። መሬቱ በዘይት ረጥቧል። ሸምቀቆው አንገቷ ላይ ሊገባ አንድ ጋት ሲቀረው ውሻዋ ዘንጉን ትታ ወደ እኔ መጣች። ክንዴን ከጓንቱ በላይ ያዘችው። ጥርሷ አጥንቴ ላይ ሲፋጭ ተሰማኝ። አራገፈችኝ፣ ግንባሬ ከአውቶቡሱ ብረት ጋር ተላተመ።

"ነከሰችኝ! ነከሰችኝ!" ብዬ ጮህኩ። ሕጋችን ነዋ፣ የተነከሰ ይናገራል። ግን በአማርኛ ጮህኩ፤ ሥቃዩም ነበረበት።

ታላቁ የሰማው የአገሩን ሴት ጩኸት ነው። "በላቻት! እህቴን በላቻት!" አለና የውሻዋን የኋላ እግሮች ይዞ ጎተተ። እኔም ከእሷ ጋር ተጎትቼ ወጣሁ። በመጀመሪያው ምት ክንዴን ለቀቀች። ያ ይበቃ ነበር። እሱ ግን ፌሮውን ደጋግሞ አነሳ፣ ደጋግሞ አወረደ፣ ሁሉንም ጭንቅላቷ ላይ። ፊቴ ላይ የሞቀ ነገር ተረጨ። የማዳሜ ልጅ "ሐራም! ሐራም!" እያለች ትጮሃለች፣ ሌሎቹ ደግሞ ከተፈቀደ ብለው ነው መሰል በድንጋይ ያግዙታል። ከሞተች በኋላም እግሯ ይራገጥ ነበር።

ፌሮውን ጥሎ አጠገቤ ተንበረከከ። "ተረፍሽ እህታለም? ተረፍሽልኝ?" አለ። ፊቱ በደስታ በርቷል።

"ምን ተረፍኩ! ወንድምህን እኮ ነው የገደልከው!" አልኩት።

ትንሽ አፈጠጠብኝ። ከዚያ ሲገባው አየሁ፤ ያንን ፊት ዳግም አያሳየኝ። የማዳሜ ልጅ ሐኪሙን በስልክ ይዛዋለች። "ጭንቅላቷን በረዶ ውስጥ ከታችሁ አምጡት፣ ከአንጎሏ ይመረመራል" ይላል። አየሁ፤ ጭንቅላት የሚባል አልነበረም። ታላቁ ሸሚዙን አውልቆ አስፋልቱ ላይ አነጠፈና የቀረውን በእጁ ይለቅም ጀመር፤ አጥንቱን ከጠጠሩ ጋር። "ባዶ እጅህን አትንካው!" ብዬ በእግሬ ገፈተርኩት። ሐኪሙም "ተዉት፣ አይሆንም" አለ።

ታናሹ ይህን ጊዜ ተነስቶ በአንድ እግሩ ሊሮጥ ሞከረ። ኮሌታውን ያዝኩ። በክርኑ መታኝ፣ ከንፈሬ ተሰነጠቀ። ቢነክሰኝ እንኳ አልለቀውም ነበር፤ ለምጄዋለሁ። ታላቁ በወገቡ ይዞ አነሳው፣ እኔ እግሩን ያዝኩ፣ እየተራገጠ መኪና ውስጥ ወረወርነው። የማዳሜ ልጅ የውስጥ ቁልፉን ተጫነች።

ሆስፒታል ሐኪሟ እግሩን አየች፣ ክንዴን አየች፣ ሁለታችንንም ወጋችን። ቁስላችን ውስጥ ጭምር ሲወጉን እሱ እንደ ሕፃን አለቀሰ፣ እኔም ስድብ አላለቀብኝም። የቀጠሮ ካርድ ሰጡን። ያን ቀን ጀዋዛት የጠራ የለም። "አየህ ጅል?" አልኩት። ለሁለተኛውም አብረን ገባን።

ለሦስተኛው ግን አልመጣም። ከኩዳይ ወጥቶ ዑተይቢያ የሚባል ሌላ የመካ ሰፈር፣ ያገር ልጆች ክፍል ውስጥ ተደብቆ ነበር። ወደ ሆስፒታል ሲሄድ አፈሳ ገጠመው። ታላቁ ከማዶ ሆኖ አይቶታል፤ ካርዱን አውጥቶ ሲያሳያቸው፣ ሲወድቅበት፣ መኪና ላይ ሲጭኑት። የተርሂሉ በር ድረስ ሄጄ ጮህኩ። "ይህ ልጅ መርፌ አለበት፣ ይሞታል!" አልኩ። ጠባቂው በቆሰለው ክንዴ ገፈተረኝ፣ አስፋልት ላይ ወደቅኩ። ልጁን አገር ቤት መለሱት። እኔ ባለ ኢቃማዋ ወንበር ላይ ተቀምጬ የቀረኝን መርፌ በየቀጠሮው ጨረስኩ። የእኔ ክንድ ላይ የገባ መድኃኒት እሱን አያድን።

ታላቁ አሁን አርብ አርብ ጅዳ እየመጣ የውሾቹን ማደሪያ ያጥባል። ና ያለው የለም። ሥራውን ሲጨርስ አገር ቤት ይደውላል። ቤታቸው ከደሴ ወዲያ ገጠር ነው። ጤና ጣቢያው ታናሹን መድኃኒቱ የለንም፣ ደሴ ውረድ ብሎታል፤ እሱ ግን "ቁስሉ ደርቋል፣ ደህና ነኝ፣ ተዉኝ" ነው። ለእናታቸው ማንም አልነገራትም። ትደነግጣለች ይላሉ።

ባለፈው አርብ ስልኩን ድምፁን ከፍቶ መሬት ላይ አስቀመጠው። "ውሃ ጠጣ እስኪ፣ ልስማህ" አለው ታናሹን። የእብድ ውሻ በሽታ ሲመጣ ጉሮሮ ውሃ እምቢ ይላል፤ ይህን የማያውቅ የወሎ ሰው የለም። ጉርጉጭ ሲል ሰማነው። ታላቁ ዓይኑን ጨፍኖ አልሐምዱሊላህ አለ። እናቱ ከወዲያ እየሳቀች "ምን ነካው ይህ ልጅ? ከሳዑዲ ድረስ ውሃ ጠጡ ብሎ ይደወላል? ምንጫችን የደረቀ መሰለው?" ትላለች።

ደሜ ፈላ። "አንተ ጅል፣ ውሃ እምቢ ያለ ቀንማ ምን ልታደርግለት ነው? መቃብር ልትቆፍር?" ብዬ ስልኩን ነጠቅኩት። እጄን ያዘኝ፤ መነጨቅኩት።

"እናቴ፣ አሰላሙ ዓለይኩም። አያውቁኝም። ልጅዎን የነከሰችው ውሻ እኔንም ነክሳኛለች። እኔ መርፌዬን ጨርሻለሁ፣ እሱ አልጨረሰም። ደሴ ካልሄደ ሊሞት ይችላል፤ እነዚህ ደግሞ ይደብቁዎታል" አልኳት።

ሳቋ ቆመ።  ታላቁ መሬት ላይ ተቀምጦ ፊቱን በመዳፉ ሸፍኗል።

ከዚያ ጥፊ ሲጮህ ሰማን፣ ጥርት ያለ፣ ደሴን አልፎ ባሕር ተሻግሮ የመጣ።

"ተነስ!" አለችው። "ጫማህን አድርግ።"

"አሁን መኪና የለም እኮ እማ።"

"መኪና መንገድ ላይ እናገኛለን። ተነስ አልኩህ!"