የካዝናው ከንፈር

ረቡዕ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነበር። ሰዓቱን ያልረሳሁት የጥበቃዎቹ ፈረቃ የሚቀየረው፣ እኔም የአባቴን ቁርስ በምሳ ዕቃ ይዤ ፋብሪካው በር ላይ የምደርሰው ሁልጊዜ አንድ ሰዓት ላይ ስለነበር ነው። አባቴና ኦቦ ቶሎሳ ለመጨረሻ ጊዜ ሰላም የተባባሉት ያን ዕለት ነው።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው ሰበታ፣ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ግንብ ጀርባ ከተደረደሩት የኪራይ ቤቶች በአንዱ ነበር። የዚያ ሰፈር ልጅ የሆነ ሁሉ የቀለሙን ውሃ ሽታ እስከዛሬ አፍንጫው ውስጥ ያገኘዋል። አባቴ ከወላይታ ለሥራ መጥቶ እዚያው ጥበቃ ሆኖ ቀረ። ኦቦ ቶሎሳ በዕድሜ ይበልጡታል፤ የጫንጮ ሰው ናቸው። እሳቸው ሌሊት፣ አባቴ ቀን ይጠብቃሉ። የሚረካከቡት አንድ ክላሽ ነበራቸው፤ ክላሹም አንድ የጥይት ካዝና። ጠመንጃው ደህና ነበር። ካዝናው ግን ከእነሱ በፊት በስንት ሰው እጅ እንዳለፈ የሚያውቅ አልነበረም፤ ጥቁር ቀለሙ ተልጦ ማዕዘኖቹ እንደ ማንኪያ ያበራሉ።

ኦቦ ቶሎሳ ጠዋት ጠዋት ካዝናውን እንደሞላ ያስረክባሉ። አባቴ ደግሞ ገና «አከም ቡልተ» ተባብለው ሳይጨርሱ ጥይቶቹን አንድ በአንድ በአውራ ጣቱ እየገፋ ያወጣና ኪሱ ውስጥ ይከታቸዋል። ማታ መልሶ ይሞላዋል። ክርክራቸው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

«አሁን ሌባ ቢመጣ በምሳ ዕቃህ ልትመታው ነው?» ይላሉ ኦቦ ቶሎሳ።

«ጥይት የሚገፋው ሞላም እንደ ሰው ነው፣ ኦቦ። ሌት ተቀን ታምቆ ከኖረ ይደክማል። አንቱ ሌሊት አሠሩት፣ እኔ ቀን አሳርፈዋለሁ።»

«ይሄ ማሳረፍ ነው? በየቀኑ ስፖርት እያሠራኸው!»

ከዚያ ሁለቱም ይስቃሉ። እኔም ከአባቴ ኮት ጀርባ ሆኜ፣ የካዝናው ሞላ በእርግጥ እንደሚተኛ፣ እንደሚነቃ እያሰብኩ እስቃለሁ።

በዓል ሲደርስ ፋብሪካው ለጥበቃዎቹ አንድ ሳጥን ለስላሳ ይሰጣቸው ነበር። መክፈቻ ግን አብሮ ሰጥቶ አያውቅም። ኦቦ ቶሎሳ ጥይቱን አራግፈው የጠርሙሱን ክዳን ጥይት በሚይዘው የካዝናው አፍ ጠርዝ፣ ከንፈሩ ሥር ይሸጉጡና ወደ ላይ ጫን ያደርጉታል። ጧ! ክዳኑ ይበራል፤ የሰፈር ልጆች ለቆርኪው ይጋፋሉ። እሳቸው ሲደክማቸው አባቴ ይቀበላቸዋል። ዓይን አፋር ስለነበርኩ መጋፋት አልወድም፤ ከግንቡ ተለጥፌ አያለሁ። ኦቦ ቶሎሳ ግን ይፈልጉኛል። «ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ነይ!» ይሉና የመጀመሪያውን የብርቱካን ለስላሳ ለእኔ ያቀብሉኛል። ጠርሙሱ ላይ የጠመንጃ ዘይት ትንሽ ትንሽ ይሸታል። ያ ሽታ የበዓል ሽታ ይመስለኝ ነበር።

ያን ረቡዕ የጥበቃ ኃላፊው ሳይናገር መጣ። ሁለቱንም ከነጠመንጃው ከፋብሪካው ጀርባ ወዳለው ደረቅ ገደል ወሰዳቸው፤ መሣሪያው ይሠራ እንደሆነ ሊፈትሽ ነው። እኔ ከነምሳ ዕቃዬ በሩ ላይ ቀረሁ። አንድ ተኩስ ሰማሁ። ሁለተኛውን ጠብቄ ጠብቄ አጣሁት። ሲመለሱ ኃላፊው ካዝናውን ነቅሎ በእጁ ይዞታል፤ ሁለተኛው ጥይት አፍንጫውን ቀና አድርጎ ተቀርቅሮ ነበር።

«እውነተኛ ሌባ ቢመጣ ኖሮስ? ይሄን ማነው እንዲህ ያደረገው?» ብሎ ጮኸ።

አባቴን ላብ አጥምቆት ነበር። ሥራው ከሄደ ቤት ኪራዩም፣ የእኔ ትምህርት ቤትም አብሮ እንደሚሄድ ያኔ አልገባኝም። «እሱ ነው!» አለ፤ አንድም ቀን ያለ «አንቱ» ጠርቷቸው የማያውቀው ሰው። «ሞልቶ እያሳደረ ሞላውን ገደለው።»

ኦቦ ቶሎሳ ዞር ብለው አዩት። ሁልጊዜ ቀልድ ሊናገሩ ሲሉ እንደሚያደርጉት ከንፈራቸው ላላ አለ፤ የሚቀልዱ መስሎኝ ጠበቅሁ። «እንዲህ ነው እንዴ፣ ማርቆስ?» ብቻ አሉ።

መሣሪያ እንዳይዙ ተደረገና ግቢ እንዲጠርጉ ተመደቡ። ወሩ ሳያልቅ ዕቃቸውን ጠቅልለው ወደ ጫንጮ ሄዱ። አባቴ ኃላፊው የወረወረውን ካዝና አንስቶ ወደ ቤት አመጣ። ሞላውን አውጥቶ ምስማር ከሚያስቀምጥበት ጣሳ ውስጥ ከተተው፤ ባዶውን ካዝና እርሳስ መያዣ አድርጎ ለእኔ ሰጠኝ። ስጦታ መስሎኝ ደስ አለኝ። የኦቦ ቶሎሳን ስም ግን ቤታችን ውስጥ ከዚያ ወዲያ አልሰማሁትም።

አሁን ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ተምሬ ዓለም ገና እሠራለሁ። የማሽን ዕቃ ተለክቶ ትክክል መሆኑን ማየት ነው ሥራዬ። ባለፈው ዓርብ ከሥራ ተመልሼ ከአባቴ ጋር የምንኖርበትን ቤት ሳጸዳ ካዝናውን አነሣሁት፤ እጄ ለምዶበት አፉን ዳሰስኩት። አንደኛው ከንፈር ወደ ውጭ ተከፍቷል፤ ክዳን የሚሸጎጥበት ቦታ ላይ። ጥይት ቀና ብሎ የሚቀረቀረው እንዲህ ሲሆን ነው። ሞላውን ከጣሳው ፈልጌ አውጥቼ በሁለት እጄ አመቅሁት። ያ ሁሉ ዘመን ምስማር መሀል ኖሮ፣ ስለቀው ተፈናጥሮ ተመለሰ።

ለአባቴ ልንገረው አልንገረው እያልኩ ብዙ ቆየሁ። በመጨረሻ አጠገቡ ተቀምጬ ሁለቱንም ጭኑ ላይ አኖርኩለት። ጣቱን በከንፈሩ ላይ አመላለሰው።

«ይሄ እኮ የለስላሳው ነው» አለ።

«አዎ፣ አባዬ።»

«ሞላውስ?»

«ሞላው ደህና ነው።»

ካዝናውን አገላብጦ አየው። ከዚያ ኦቦ ቶሎሳ ያለፈው ክረምት ማረፋቸውን ነገረኝ። የሰፈር ሰው መርዶውን ሲያመጣለት ኮቱን ለብሶ ነበር፤ በር ላይ ደርሶ መልሶ አወለቀው። «በምን ዓይኔ ለቅሶ እደርሳለሁ?» አለኝ። «አብረን እኮ ነው የከፈትንበት።»

በማግሥቱ ጠዋት ኮቱን እኔ አለበስኩት። ካዝናውን ለባለቤታቸው እናሳያቸው ብሎኝ ነበር፤ መንገዱ ሁሉ ፍተሻ ስለሆነ እንቢ አልኩ። ያኔ እኛ ልጆች ካዝና ስናይ የሚታየን ለስላሳ ነበር። አሁን በቡራዩ አድርገን ሱሉልታ እስክንደርስ ለፍተሻ ስንወርድ፣ መሣሪያ የያዘ ሰው ባየሁ ቁጥር ዓይኔ መሬት ላይ ነበር። የለስላሳ ክዳንም ቢሆን ዛሬ በጣት ነው የሚዞረው፤ ድምፅ የለውም።

ጫንጮ ስንወርድ አባቴን አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ አስቀምጬ ለለቅሶ ቤቱ የሚሆን አንድ ሳጥን ለስላሳ ጠየቅሁ።

«ፕላስቲኩ ይቀልሻል» አለኝ ባለሱቁ።

«አይ፣ የጠርሙሱን።»

ሂሳቡን ከፍዬ ሳጥኑን እንዳነሣሁ አባቴን አየሁት፤ ሁለት እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ጠርሙሶቹን ያያል። ሳጥኑን መልሼ አስቀመጥኩና መክፈቻ ገዛሁ።