ጠግባ የወረደችው ባጃጅ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት መሐንዲስ ለኤሌክትሪክ መኪና የነደፈውን የሞተር መቆጣጠሪያ ሊያሳየኝ መጣ። «ፍሬኑ አያሳስብም፣ እትዬ ዘሃራ» አለኝ። «ባትሪው ሙሉ ሲሆንስ?» አልኩት። ንድፉን እንደገና ያገላብጥ ጀመር። እኔ ግን በልጅነቴ የሠራኋት ባጃጅ ትዝ አለችኝ።

ያኔ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ሸዋሮቢት ጎረቤታችን የነበሩት ጋሼ ይመር የቤንዚን ሰልፍ ሲያንገሸግሻቸው፣ «አንቺ ልጅ፣ ተምረሽ የለ? ይቺን ባጃጄን በኤሌክትሪክ አድርጊልኝ» አሉኝ። ሞተሩን የሚያዘውን ሳጥን ራሴ ነደፍኩት። የፍጥነት መስጫ እጀታውን ሲለቁት ሞተሩ ራሱ ፍሬን ሆኖ ይይዛል፤ በመያዝ ያገኘውንም ኃይል ወደ ባትሪው ይመልሳል። የሮቢት መንገድ ሜዳ ስለሆነ እንደ ልብ ሠራ። የእግር ፍሬኑን እሳቸውም ረሱት፣ እኔም ረሳሁት።

ኅዳር ላይ ደብረ ሲና እህታቸውን ሊጠይቁ ሲሄዱ፣ ዳገቱን እንዴት እንደምትወጣ ልይ ብዬ አብሬ ተሳፈርኩ። ቆላው ማሽላ ያጭዳል፤ ፀሐዩ በጠዋቱ አናት ይበሳል። ሽቅብ ስንል ብርዱ ተቀበለን፤ ባትሪው ሊሟጠጥ ሲልም ደረስን። እህታቸው እትዬ ከዲጃ ትኩስ የገብስ ቂጣ በቅቤ አቀረቡልን። ባጃጇንም ቻርጅ ላይ ሰካናት። ለመመለሻው ግማሹ ይበቃል ብዬ ልነቅል ስል እትዬ ከዲጃ እጄን ያዙኝ።

«ምን ሆነሻል? አባቶቻችን ለንግድ ከአሊዩ አምባ ገበያ ሲመላለሱ የእንግዳ በቅሎ ሳትጠግብ ተሸኝታ አታውቅም። ትጥገብ እንጂ!»

ስቄ ተውኩት። እስኪሞላ ጠበቅን።

ቁልቁለቱ ሲጀምር ጋሼ ይመር እጀታውን ለቀቁት። ባጃጇ ግን ሩጫው ባሰባት።

«ዘሃራ፣ አትይዝም!»

ወዲያው ነው የገባኝ፤ ሳጥኑ ውስጥ ትእዛዙን የጻፍኩት እኔ ነኛ! ባትሪው ከሞላ ሞተሩ መያዙን ያቁም፣ ባትሪው እንዳይጎዳ። ወይ እኔ! ለባትሪው ፈርቼ ነበር፤ ለሰው አልፈራሁም።

«በእግር ይርገጡት!» ብዬ ጮህኩ። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ያዘልን። ሁለተኛው ላይ የፍሬን ሸራ ሲቃጠል ሸተተኝ። ሦስተኛው ላይ ጋሼ ይመር ቢረግጡ ቢረግጡ ባዶ ሆነ። ባንድ በኩል ገደል፣ ከፊታችን ሽቅብ የሚያቃስት የጭነት መኪና። ሞቴ ነው ብዬ ሸሃዳ ልል ብሞክር ምላሴ ደርቆ አልታዘዝ አለኝ። ጋሼ ይመር «ያ አላህ!» ብለው መሪውን ወደ ተራራው ጠመዘዙት። ከአፈር ቁልል ጋር ተላትመን ተገለበጥን።

እኔ ተጫጭሬ ተነሣሁ። የጋሼ ይመር ቀኝ እግር ተሰብሯል።

ሰው ከቦን «ምን ሆናችሁ ነው?» ሲል እሳቸው እኔን አዩኝ። «ፍሬኑን ስረግጥ እግሬ ዳልጦኝ ነው። ልጅቷን ምንም አትበሏት» አሉ። እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ። «ተምራ ሰው ልትፈጅ!» የሚሉኝ መሰለኝና ፈራሁ፤ ከገደሉ ይልቅ ፈራሁ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ።

ሮቢት ላይ «ይመር አርጅቷል፣ እግሩ ይከዳዋል» ተባለ። እግራቸው ቢድንም ተሳፋሪ ሸሻቸው፤ ባጃጇን ሸጠው ቤት ዋሉ። አንድ ቀን እንኳን ቂም አልያዙብኝም።

አሁን በሕይወት የሉም፤ አላህ ይዘንላቸው። ልጃቸው አባቱን ባነሣ ቁጥር «እግሩ ዳልጦት እኮ ነው ከሥራ የወጣው» ይላል፤ እኔም ፊቱ ተቀምጬ ራሴን እነቀንቃለሁ። ይኼን ሲያነብ ምን እንደሚለኝ አላውቅም፤ እፈራለሁ። እግራቸው አልዳለጠም። ፍሬናቸውን የነጠቅኳቸው እኔ ነኝ።