ሁሉም በአንድ ቀን የተወለዱበት ሰሞን

እኛ መሥሪያ ቤት ውስጥ እውነተኛ ስሙ የሚገኘው የደመወዝ ወረቀቱ ላይ ብቻ ነው። ለሌላው ሰው ሁሉ ካላንደር ነው። የዓይን ሆስፒታላችን ቀጠሮ የሚሰጠውም፣ የታካሚ መዝገብ የሚይዘውም እሱ ብቻውን በጻፈው ፕሮግራም ነው። ሲ በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ ነው የጻፈው። ድሮ ወጣት ሆኖ ነበር የጀመረው፤ ዘንድሮም እሱኑ ሲጠግን ይውላል።

እኔ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ካርድ ሳወጣና ስመልስ ኖሬ ጉልበቴን ጨርሻለሁ። ስለ ኮምፒውተር የማውቀው እሱ ምሳ ሰዓት ላይ ካርድ ክፍል መጥቶ እየተነጫነጨ የነገረኝን ብቻ ነው፤ እሱም በዝቶብኛል።

«እትዬ፣ በዚህ ቋንቋ የፈረንጅ ወር ከዜሮ ነው የሚጀምረው» አለኝ አንድ ቀን። «የመጀመሪያው ወር ዜሮ፣ የመጨረሻው አሥራ አንድ።»

«ቀኑስ?»

«ቀኑ ከአንድ። ዓመቱ ደግሞ ከ1900 ወዲህ ያለው ብቻ ነው የሚጻፈው።»

«ይሄን ያወጣው ሰው ምን ነክቶት ነው?»

«ደክሞት ይሆናላ» አለና እንጀራውን ሳይጨርስ ተነሣ።

የሚኖረው ከእናቱ ጋር ነው፤ ሆስፒታሉ ጀርባ፣ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ። እናቱን የዓይን ሞራ ከያዛቸው አራት ዓመት ሆነ። ብርሃንና ጥላ ይለያሉ እንጂ የሰው መልክ አይታያቸውም። ጠዋት ከቤት ሊወጣ ሲል ፊቱን በእጃቸው እየዳበሱ «ደክሞሃል አይደል?» ይሉታል። እሱም «ኧረ ምን አድክሞኝ!» ብሎ ይወጣል። ውሸታም። ደረጃ ሲወጣ መሐል ላይ ቆሞ ትንፋሹን ሲሰበስብ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ።

ወደ እኛ የሚመጣ የቀዶ ሐኪሞች ቡድን አለ። ሲመቸው ይመጣል፣ ሳይመቸው ደግሞ አራትና አምስት ዓመት ይጠፋል። ሲመጣ በሞራው ፋንታ ዓይን ውስጥ የሚገባ አርባ ሌንስ ይዞ ነው፤ ለአርባ ሰው ማለት ነው። ዕድሜያቸው ሰባና ከዚያ በላይ የሆነ ብቻ፣ ከትልቁ ጀምሮ። ባለፈው ሲመጣ የካላንደር እናት ሰባ አልሞላቸውም ነበር። አሁን ሰባ አራት ሆኗቸዋል። እሳቸውም ቀኑን ሲጠብቁ ከርመዋል፤ «መልክህን ልረሳው ምንም አልቀረኝ» ይሉት ነበር።

ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያው ዝርዝር ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ። የመጨረሻው ሐሙስ ስድስት ሰዓት ላይ ይወጣል ተባለ። ካላንደር ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ አነበበውና የእናቱን ስም ሲያጣ ወደ መስኮቴ መጣ።

«እትዬ፣ የእማዬን ካርድ አውጪልኝ።»

አወጣሁለት። ካርዱ ላይ በእኔው እጅ ጽሑፍ በፈረንጅ አቆጣጠር 1950 ይላል። ኮምፒውተሩን ከፍቶ አየ። የ1969 የመጨረሻ ቀን ይላል። ሳቀ፤ ደስ የሚል ሳቅ ግን አልነበረም።

«እማዬ የምትበልጠኝ በስድስት ዓመት ሆነልሽ» አለኝ።

ከዚያ ሌላ ታካሚ ከፈተ፤ እሳቸውም የ1969 የመጨረሻ ቀን። ሌላ ከፈተ፣ ያው። ግማሹ የሆስፒታላችን ሽማግሌ በአንድ ቀን ተወልዷል። ወንበር ስቤ ሰጠሁት።

ነገሩን ያስረዳኝ እዚያው ተቀምጦ ነው። ከሁለት ወር በፊት ለእንግዳ መቀበያው አዳዲስ ኮምፒውተሮች በስጦታ መጡ። የሚሠሩበት ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም ማለት ነው፣ ከዋናው ከአሮጌው ማሽን የተለየ ነው። ካላንደር ፕሮግራሙን ወደነሱ ለማዛወር ሁለት ወር ጠየቀ፤ ሁለት ሳምንት ሰጡት። ይሄን እኔም አስታውሳለሁ፤ በዚያ ሰሞን ሸሚዙን ገልብጦ ለብሶ መጥቶ ነበር።

ኮምፒውተር ጊዜን የሚቆጥረው በሰከንድ ነው፤ መነሻው ደግሞ የ1970 መባቻ። ከዚያ በፊት የተወለደ ሰው ቁጥሩ ከዜሮ በታች ይሆናል። አሮጌው ማሽን ከዜሮ በታች ያለውን ያውቃል። አዲሶቹ ግን አያውቁም፤ እንዲህ ያለ ቀን ሲሰጣቸው «አልቻልኩም» ይላሉ። «አልቻልኩም» የሚሉትም «ከዜሮ በታች አንድ» የሚል ቁጥር በመመለስ ነው። ካላንደር ይሄን ቁጥር ዞር ብሎ ማየት ነበረበት፤ አላየውም። ቁጥሩ እንደ ትክክለኛ መልስ ወደ አሮጌው ማሽን ተላከ፤ አሮጌው ማሽንም ከ1970 አንድ ሰከንድ በፊት ብሎ አነበበው። የ1969 የመጨረሻ ቀን ማለት ነው።

የባሰው ደግሞ መቀበያ ያሉት ልጆች የታካሚን መዝገብ ከፍተው ሲዘጉ ፕሮግራሙ የተሳሳተውን ቀን በትክክለኛው ላይ ራሱ ያስቀምጣል። ስለዚህ አንድ ሽማግሌ መቀበያው ጋ አንዴ ከቀረበ ትክክለኛው ልደቱ ጠፋ። ቤቱ የተቀመጠው ዳነ፣ ሐኪሙን ብሎ ላይ ታች ያለው ዕድሜውን ተቀማ።

«ሳትፈትነው ነው የሰጠኸው?» ብዬ ተቆጣሁት።

«ፈትኜዋለሁ።»

«በማን?»

«በራሴ ልደት።» አንገቱን ደፋ። «እኔ 1975 ነኝ፣ እትዬ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እስክጠግብ እሰድበው ነበር። ያን ቀን ግን አንጀቴን በላው።

ዳይሬክተሯ ጋ አብረን ገባን። ጥሩ ሴት ናት፣ ግን ሁልጊዜ ጥድፊያ ላይ ናት። «ሐሙስ ስድስት ሰዓት ዝርዝሩ ካልወጣ ቡድኑ ሌላ ቦታ ይሄዳል» አለችው። «ቅሬታ ያቀረቡትን ብቻ አስተካክል። የእናትህንም አስተካክል፤ ማን ምን ይልሃል?»

«ቅሬታ የሚያቀርበውማ ሰሌዳውን ማንበብ የሚችል ነው» አላት። እሷም ስልኳን አነሣች፤ ይሄ እንግዲህ ውጡ ማለቷ ነው።

ሞራ እንዲገፈፍላቸው ተራ ከሚጠብቁት ውስጥ ልደታቸው የጠፋው መቶ ስልሳ ሦስት ነበሩ። እኔ ካርዱን ከመደርደሪያ አወጣለሁ፣ የደበዘዘውን መስኮት ሥር ወስጄ አነባለሁ፣ እሱ ያስገባል። በመሐል በመሐል ፕሮግራሙን ይጠግናል። የልደት ቀንን በሰከንድ መቁጠር አስቀርቶ ዓመት፣ ወር፣ ቀን ብሎ በሦስት ቁጥር ብቻ እንዲያዝ አደረገው፤ የቀኑንም ስሌት ለማሽኖቹ መተው ትቶ ራሱ ጻፈው።

«የልደት ቀን ሰዓት አይደለም፣ እትዬ» አለኝ ዓይኑን እያሸ። «ሰዓት አድርጌ መያዜ ነው ጥፋቱ። ሃያ ዓመት ሙሉ ተሳስቼ አሮጌው ማሽን ሲሸፍንልኝ ነው የኖረው።»

መጀመሪያ ያስገባው የእናቱን ነው። እኔ ነኝ ካርዱን ከላይ ያደረግሁት። ሃያ ሁለተኛ ወጡ። ደስ ብሎኝ ጠረጴዛውን መታሁት። ከዚያ በኋላ ግን ደስታዬ እያደር ማነስ ጀመረ። በእያንዳንዱ ቁልል ውስጥ ከእሳቸው የሚበልጡ አንድ ሁለት አዛውንት አሉ። ማክሰኞ ምሳ ላይ ሃያ ስድስተኛ ሆኑ። ረቡዕ ጠዋት ሠላሳ አንደኛ፤ ረቡዕ ማምሻውን ሠላሳ ስድስተኛ። እሱ ቁጥሩን አይቶ እንዳላየ ያልፋል። እኔ ግን ካርድ ባነሣሁ ቁጥር መጀመሪያ የልደት ዓመቱን አያለሁ። በሃያ ስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ወጣት እንዲሆን ተመኘሁ።

ሐሙስ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ እናቱ አርባኛ ነበሩ። እጄ ላይ ሦስት ካርድ ቀረ። አንዱ ሰባ አንድ፣ ገባ። አንዱ ሰባ፣ ገባ። ሦስተኛውን ገለጥኩት፤ የሰማንያ አንድ ዓመት ሽማግሌ፣ ሁለቱም ዓይን ሞራ። ኮሌታ የሌለው ካፖርት ለብሰው በየሳምንቱ የሚመጡ፣ ማንም የማይዛቸው፣ ግድግዳውን ተከትለው የሚሄዱ ሰው ናቸው። አውቃቸዋለሁ።

ካርዱን ከክርኔ ሥር አስገባሁት።

«አለቀ» አልኩት። ድምፄ ለራሴም አላማረኝ።

እሱ ወደ እኔ ዞር አላለም። ስክሪኑን እያየ «አንድ ይቀራል» አለ።

«የት አባቱ ይሄዳል፤ መደርደሪያ ውስጥ ተሰንቅሮ ይሆናል። ስድስት ሰዓት እኮ ደረሰ!»

«መቶ ስልሳ ሁለት ነው የገባው፣ እትዬ።»

«አንተ ልጅ፣ እናትህ ናቸው!» ጮህኩበት። «አራት ዓመት! የሠራኸው ይበቃል፣ ማንም አያውቅም፣ እኔ ነኝ የደበቅኩት፣ ኃጢአቱ የእኔ ይሁን!»

እጁን ዘረጋ። ለረጅም ጊዜ ዘርግቶ ቆየ። «እኔ ነኝ ያጠፋሁባቸው» አለኝ ቀስ ብሎ። «ስጪኝ።»

ሰጠሁት። አስገባው። እናቱ አርባ አንደኛ ሆኑ። ዝርዝሩን አተመ፣ እኔም ሰሌዳው ላይ ለጠፍኩትና ካርድ ክፍል ገብቼ አለቀስኩ።

ለእናቱ ሲነግራቸው ምን እንዳሉት በማግስቱ ነገረኝ። «ከኔ የሚበልጡ አርባ ሰዎች አሉ በለኛ! እኔኮ ያረጀሁት ብቻዬን መስሎኝ ነበር» ብለው ሳቁ አሉ። ከዚያ ግን እራታቸውን አልበሉም።

ቀዶ ሕክምናው በሚቀጥለው ሰኞ ተጀመረ። ያ ሽማግሌ ሁለተኛው ቀን ላይ ነበሩ። ረቡዕ ጠዋት የአንዱ ዓይናቸው ፋሻ ተነሥቶላቸው ከካርድ ክፍሉ ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ያገኙትን ሁሉ ያያሉ፤ ጣሪያውን፣ የመስኮቱን ብረት፣ የገዛ እጃቸውን። በዚያው ሰዓት ካላንደር እናቱን ለሚቀጥለው ዙር ሊያስመዘግብ ይዟቸው መጣ። አግዳሚው ላይ አስቀመጣቸውና ቅጹን ሊሞላ ወደ መስኮቴ ቀረበ።

«ልጅዎ ነው?» አሏቸው ሽማግሌው።

«አዎ። በምን አወቁ?»

«ቁርጥ እርስዎን ነዋ!»

እናቱ ወደ ድምፁ ዞሩ። «ያዩታል እንዴ? እኔ ካየሁት አራት ዓመቴ ነው። እስቲ በእናትዎ፣ ይንገሩኝ፤ ምን ይመስላል?»

የካላንደር እስክሪብቶ ቆመ። ሽማግሌው በአዲሱ ዓይናቸው ከእግር እስከ ራሱ አዩት፤ ሳይቸኩሉ።

«ሽበት ወርሶታል» አሉ። «ዓይኑ ሥር ጠቁሯል። የሸሚዙ ቁልፍ ተዛንፏል። ትከሻው ጎብጧል። ደክሞታል፣ እመቤቴ። በጣም ደክሞታል።»

«ምንም አልደከመኝም ነው የሚለኝ።»

«እሱማ ምን ይበል?»

እናቱ ተነሡ። ግድግዳውን በአንድ እጃቸው ይዘው ወደ እሱ መጡ፤ ትከሻውን አገኙ፣ ከዚያ ደረቱን። የሸሚዙን ቁልፎች ከላይ ጀምረው አንድ በአንድ ፈቱ፤ ከታች ጀምረው ደግሞ እያንዳንዱን ቀዳዳ በጣታቸው እየፈለጉ መቆለፍ ጀመሩ። እሱም እንደ ትንሽ ልጅ አገጩን ቀና አድርጎ ቆመላቸው።

«ደክሞኛል፣ እማዬ» አላቸው።