የላሞቹ ውሻ

አያልነህ ለሰው ፊት የማይሰጥ፣ ለከብት ግን ነፍሱን የማይሰስት ሰው ነበር። በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳዎቹ መጀመሪያ ከወረታ በታች፣ ፎገራ ሜዳ ላይ፣ እንደ እሱ ውሻ የሚያሳድግ አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም። መክት ያለውን ቡችላ ጡት እንደጣለ አምጥቶ ከጥጆቹ ጋር አስተኛው። ጭብጦ በአጓት እያራሰ አስቀመጠለት እንጂ አንድ ቀን አላሻሸውም። ሚስቱ ጥሩብርሃን ቡችላውን ልትዳብስ እጇን ብትሰድ ተቆጣት።

«ተይው! ሰው ከለመደ ጅብ ሲመጣ ወደ ቤት ነው የሚሮጥብን። የላሞቹ ይሁን።»

መክት ጥጃ አክሎ አደገ። ጅብ ጆሮውን በቦጨቀው ጊዜ አያልነህ ቁስሉን በጨው ውሃ አጥቦ ቅቤ ቀባው። ጥሩብርሃን ታማ የተኛች ጊዜ ግን «ታዲያ ላሞቹን ማን ያልባል?» ብሎ ነበር የጠየቃት። እንዲህ ያለ ባል ነው።

በጥቅምት ንዳድ ያዘውና ሞተ። ለቀስተኛው ደረቱን ሲደቃ ጥሩብርሃን የመታለቢያው ሰዓት እንዳያልፍ ታስብ ነበር። ልበ ደንዳና ብለው አሟት። ይሟት! ሃያ ዓመት አንድ ቀን ያልዳበሳት ሰው ነው፣ እንባው ከየት ይምጣላት? እሷም ውስጧን ብትፈትሽ ምንም አላገኘችም።

ግንቦት ሲጋመስ የክረምቱ ውሃ ነገር መጣ። ሜዳው ሳይጥለቀለቅ ከብቱን ወደ ደጋው የሚያወጣላት አልነበረም፤ ልጅም አልወለዱ። ላሞቹን ለወረታው ነጋዴ ለመሐመድሰዒድ ሸጠች። ውሻውን ግን አልሰጥም አለች። ከዚያ ቤት የሚተነፍስ ነገር አንድ እንኳ እንዲቀርላት ፈለገች።

«እንግዲያው ይሰሩት፣ እሜቴ» አላት መሐመድሰዒድ። «አለዚያ ከብቱን ተከትሎ ይመጣል።»

በጠፍር አሰረችው። ላሞቹ በአቧራው ውስጥ ሲርቁ መክት አልጮኸም፤ አፍንጫውን ወደ ወረታ መንገድ አዙሮ ተኛ። ከጎረቤቷ ከታይቱ አጓት ለምና ጭብጦውን አራሰችለት። አልነካውም። በማግስቱም አልነካውም። አጠገቡ ቁጭ ብላ፣ አሁን የሚቆጣት የለምና፣ አንገቱን ዳበሰችው። አልነከሳትም፣ ጭራውንም አልወዘወዘም። ዝም ብሎ መንገዱን ያያል።

እሷ በባሏ ቀብር ማግስት እንኳ እህል ቀምሳ ነበር። ይህን ስታስብ ተነሥታ ጠፍሩን ፈታችው።

መክት ተንጠራራና ሄደ። ዞር ብሎ አላያትም።

«ግድ የለሽም፣ ሲርበው ይመለሳል» አለች ታይቱ፣ በአጥሩ በኩል ብቅ ብላ።

«አይመለስም። አያልነህ አሳምሮ ነው ያሳደገው።»

«ታዲያ ምን ሆነሽ ፈታሽው?»

ጥሩብርሃን የረጠበውን ጭብጦ ለታይቱ ዶሮዎች በተነችላቸው።

«እሱስ የሚከተላቸው አሉት» አለች።